መኪናችሁ በመንገድ ላይ እየጠፋች ካስቸገረቻችሁ የዚህን ወጣት መካኒክ ስልክ ጠይቁኝ

ሰባት ወር ሙሉ መኪናዬ እየነዳሁ ድንገት ትጠፋብኝ ነበር። ዳር ይዤ ትንሽ ስጠብቅ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ልጆቼን ከኋላ ጭኜ መስቀለኛ መንገድ ላይ ጠፍታብኝ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

ያልረገጥኩት ጋራዥ የለም። ስማቸውን አልጠራም። አንዱ ባትሪ ቀየረ። ሌላው የነዳጅ ፓምፕ ቀየረ። ሦስተኛው ኮምፒውተር ሰክቶ "ምንም የብልሽት ኮድ የላትም፣ ደህና ናት" አለና ሂሳቡን ተቀበለኝ። አንዱማ ጭራሽ "መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አለኝ። አስራ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ወንድሜ!

ይህ ልጅ ግን ከመሪው ሥር የመኪናዋን የውስጥ መልእክት የምትቀዳ፣ ካርድ ያላት ትንሽ መቅረጫ ሰካልኝ። ሞተር ሲነሳ እንድትጀምር፣ ሲጠፋ እንድታቆም አዘዛት። በሳምንቱ ሁለቴ ጠፋችብኝና ሄድኩ። ላፕቶፑን ከፍቶ ትንሽ አየና ጭንቅላቱን ያዘ። ቅጂው ሁለቱንም ጊዜ ልክ ችግሩ ሲመጣ ይቆማል።

"ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ። ሞተር ሲጠፋ አቁሚ አልኳት፣ እሷም ታዘዘች።"

ጥፋቱ የኔ ነው ያለኝ ባለሙያ እሱ ብቻ ነው። ቀጥሎ የጠየቀኝን ደግሞ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፦ "ልትጠፋ ስትል እርስዎ ምን ያያሉ?"

የሞተሩን ዙር የምታሳየው የአርፒኤሟ መርፌ ዜሮ ላይ ዱብ ትላለች፣ መኪናዋ ግን ገና እየሄደች ነው አልኩት። ብድግ አለ። "በቃ፣ አገኙልኝ!"

እንደገባኝ ከሆነ የመኪና ዕቃዎች ካን በሚሉት ሽቦ ላይ ቀኑን ሙሉ መልእክት ይላላካሉ። መቅረጫዋ ታዲያ አንድ የተወሰነ መልእክት እስኪመጣ አድፍጣ መጠበቅ ትችላለች። ሁሉንም ዝም ብላ ለምን አትቀዳም ስለው "ካርዱ ይሞላል፣ ያን ሁሉስ ማን ያነበዋል?" አለኝ። ስለዚህ አዲስ ትእዛዝ ሰጣት፦ ሞተሩ ዜሮ ነኝ ሲል፣ ጎማው ደግሞ እየሄድኩ ነው ሲል ጀምሪ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ግማሽ ደቂቃም አስቀሪ፤ ቁልፍ ተዘጋ የሚለው መልእክት ሲመጣ አቁሚ።

በአራተኛው ቀን ጠፋች። ቅጂውን አይቶ ኮፈኑን ከፈተና የእጅ ባትሪ አብርቶ ጠራኝ። የሞተሩን መዞር ለመኪናዋ ኮምፒውተር የሚነግረው የክራንክ ሴንሰር ሽቦ ብረት ላይ ሲፋተግ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ይታያል። የጣቴን ጥፍር አያክልም! ለዚህች ነው ባትሪና ፓምፕ የከፈልኩት።

ለሁለተኛው ፕሮግራም ክፍያ አልቀበልም አለ፤ "የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" ብሎ። ለምኜውም እምቢ አለ። እናቱን እግዚአብሔር ይባርክልኝ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ፣ አንዴም አልጠፋችም። ስልኩን እዚህ አላወጣም፣ እሱም አልፈቀደም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሰጣችኋለሁ። ብቻ እባካችሁ ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት ጻፉልኝ።