ለፍሪአርቶስ ዲበግ የቱ ይሻላል? ጄ-ሊንክ ወይስ ኤስቲ-ሊንክ ከኦፕን ኦሲዲ ጋር

ፍሪአርቶስ (ለትንንሽ ፕሮሰሰሮች የተሠራ፣ ብዙ ሥራዎችን በየተራ የሚያስኬድ ሲስተም) የጫነ ቦርድ ዲበግ ስታደርጉ (ስህተት ስትፈልጉበት)፣ ዲበገሩ ፕሮግራም ጂዲቢ የሚያሳያችሁ የትሬድ (በፍሪአርቶስ አጠራር የታስክ) ዝርዝር ትክክል ካልሆነ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙ ሰው ውድ ፕሮብ (እንደ ጄ-ሊንክና ኤስቲ-ሊንክ ያለ፣ ኮምፒውተሩን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ለመግዛት የሚነሳውም ዝርዝሩ ሲዘባረቅበት ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ዝርዝሩ ከየት እንደሚመጣ እዩ።

ፕሮቡ ስለ ትሬድ የሚያውቀው ነገር የለም። ሥራውን የሚሠራው ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ሰርቨር ነው፤ ይህም ጂዲቢን ከፕሮቡ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ነው፣ ኦፕን ኦሲዲ ወይም የጄ-ሊንክ የራሱ ሰርቨር። ቦርዱ ሲቆም የታስኮቹን መዝገብ ከሜሞሪ ያነባል። በሥራ ላይ ላለው ታስክ ሬጅስተሮቹን ከፕሮሰሰሩ ይወስዳል፤ ለተቀሩት ደግሞ እየራሳቸው ስታክ ላይ ከተቀመጠው። ልክ ታስክ በሚቀያየርበት ቅጽበት ካቆማችሁት የአንዱ ሬጅስተር በሌላው ስም ሊታይ ይችላል። ውድ ፕሮብ መግዛት ይህን አያስቀርም።

ኦፕን ኦሲዲ ነፃ ነው። ኑክሊዮ የሚባለው የኤስቲ ኩባንያ መለማመጃ ቦርድ ካላችሁ ኤስቲ-ሊንኩም እዚያው ቦርዱ ላይ አለ። ለፍሪአርቶስ ግን ኦፕን ኦሲዲ ይዞት የሚመጣውን አጭር የሲ ፋይል ፕሮጀክታችሁ ውስጥ መጨመር አለባችሁ። ሊንከሩ (የተተረጎሙትን ፋይሎች ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገጣጥመው) ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቫሪያብል «አያስፈልግም» ብሎ እንዳይጥለውም ንገሩት። ይህች ነገር ከተረሳች ታስኮቹ አይታዩም። ጄ-ሊንክ የፍሪአርቶስ ፕለጊኑን ይዞ ይመጣል፤ ሰርቨሩን ስታስነሱ መጥቀስ ብቻ ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ብሬክፖይንቱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እንዲቆም የምታዙበትን ቦታ ነው። ብዙ ቦርዶች ላይ ያለው ፕሮሰሰር ኮርቴክስ-ኤም4 በተለምዶ 6 የሃርድዌር ብሬክፖይንት አለው። ኦፕን ኦሲዲ ስቴፕ ስታደርጉ (ኮዱን ደረጃ በደረጃ ስታራምዱ) ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጥ ጥሪ) መንገድ እንዳያስታችሁ ከእነዚህ አንዱን ይዋሳል። 6ቱንም ከያዛችሁበት ግን ኢንተራፕቱን ሳይዘጋ ይራመዳል። ቀጣዩን መስመር ስትጠብቁ ሲስቲክ (በየጊዜው የሚመጣው የሰዓት ኢንተራፕት) ይመጣና ራሳችሁን የኢንተራፕት ኮድ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ክፍት ተዉለት።

ጄ-ሊንክ የተለያዩ ሞዴሎች አሉት። ፕላስ የሚባለው ፍላሽ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) ላይ ያለገደብ ብሬክፖይንት ያስቀምጣል። ቤዝ የሚባለው ይህ ፈቃድ የለውም። ለትምህርት የተዘጋጀው ኤዱ አለው፤ ለንግድ ሥራ ግን አይፈቀድም።

ተማሪ ከሆናችሁ ወይም ኑክሊዮ በእጃችሁ ካለ፣ ምንም ሳትገዙ በኦፕን ኦሲዲ ጀምሩ። ለደንበኛ ምርት የምትሠሩና 6 ብሬክፖይንት የማይበቃችሁ ከሆነ ፕላሱን ግዙ። ለትሬድ ዝርዝር ብላችሁ ብቻ ቤዝ ላይ መቶዎች ዶላር አታውጡ።