«ፍሎረሰንስም ይለካል» ተብላችሁ ስፔክትሮሜትር እንዳትገዙ

ሰዎች፣ እኔ ተበልቻለሁ። እናንተም እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

ሻጩ «ሁሉም ሞድ አለው፣ ፍሎረሰንስም ይለካል» ብሎ ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ)፣ ባለ 365 ናኖሜትር ኤልኢዲና የኩቬት (የናሙና ፈሳሽ የሚያዝበት ትንሽ ዕቃ) መያዣ በአንድ ካርቶን ሸጠልኝ። ፍሎረሰንስ ማለት ናሙናው ብርሃን ውጦ በሌላ ቀለም መልሶ ሲፈካ ነው። በፍሎረሰንሱ የታወቀውን ኩዊኒን ሰልፌት በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ አሟሟሁና ሞከርኩ። ኩቬቱ ሰማያዊ ሲፈካ በዓይኔ አየሁት! ስክሪኑ ላይ ግን 450 ናኖሜትር አካባቢ መታየት የነበረበት ጉብታ የለም፤ የኤልኢዲው መስመር ብቻ ተገትሯል።

ስደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አብዞርባንስ ሞድ ላይ አድርገው።» ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አብዞርባንስ እኮ በናሙናው ያለፈውን ብርሃን ለማጣቀሻው (ናሙና ሳይኖር ለተለካው ብርሃን) አካፍሎ ሎጋሪዝም የሚወስድ ስሌት ነው፣ ፍሎረሰንስ ደግሞ ናሙናው ራሱ የሚያወጣው ብርሃን ነው፣ ኤልኢዲው 450 ላይ ምንም ስለማይሰጥ ማካፈያው ዜሮ አካባቢ ይሆንና ሽቅብ ቁልቁል የሚዘል ኮተት ታገኛላችሁ።

የሚያስፈልገው ከጥሬ ቆጠራው የጨለማውን ንባብ (መብራቱ ጠፍቶ የሚወሰደውን) ቀንሶ የሚያሳይ ሞድ ነው። የመሰብሰቢያ ጊዜውን (መሣሪያው ለአንድ ንባብ ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ) በቀየራችሁ ቁጥር ጨለማውን እንደገና ውሰዱ። በአንድ መሣሪያ ናሙናዎችን ለማወዳደር ይህ ይበቃል። ዲቴክተሩ (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) ግን ለሁሉም ቀለም እኩል ስለማይነቃ የጉብታው ቅርጽ ይዛባል። ያንን የሚያስተካክለው አንጻራዊ ኢራዲያንስ የሚሉት ሞድ ነው፤ እሱም የቀለም ሙቀቱ የታወቀ፣ ማለትም የብርሃኑ የቀለም ስርጭት የሚታወቅ መብራት ይፈልጋል። ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው። ሞዱ ሶፍትዌሩ ላይ አለ፣ ዋሽቶኛል ማለት አልችልም፤ መብራቱ ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ፍጹም ኢራዲያንስን (የብርሃኑን መጠን በእውነተኛ አሃድ የሚለካውን ሞድ) እንኳ ተዉት፣ ለአብዛኞቻችን ትርፍ ወጪ ነው።

መያዣውም ቢሆን ብርሃኑን ቀጥ አድርጎ የሚያሳልፍ ነው። ለፍሎረሰንስ ዲቴክተሩ በ90 ዲግሪ ጎን መሆን አለበት፣ አለዚያ የመብራቱ ብርሃን ሁሉን ይውጠዋል። ኩቬቱም አራቱም ጎኑ ጥርት ያለ ይሁን፤ የተላከልኝ ሁለቱ ጎን ደብዛዛ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ 730 ላይ ትንሽ ጉብታ አይቼ ስጠይቀው «ቀይ ፍሎረሰንስ ነው» አለኝ። 365 በሁለት ሲባዛ ስንት ነው? ግሬቲንጉ (ብርሃኑን በየቀለሙ የሚበትነው ክፍል) በሁለተኛ ደረጃ የሚጥለው የኤልኢዲው ጥላ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በዚያው ዕቃ፣ በዚያው መያዣ የተለካ የኩዊኒን ስፔክትረም ከነመሰብሰቢያ ጊዜው ላኩልኝ በሉ። የእኔው ሰውዬ ይህን ከጠየቅኩት ወዲህ ስልክ አያነሳም።