የአናቶሚ ቃላት አፍ ለሚይዟችሁ፦ ጋሼን ልጠቁማችሁ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነርሲንግ ለምትማሩ ሐበሾች ይህን አድርሱልኝ። አስጠኚያችንን ከልቤ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሜን በአደባባይ አትጻፉ ስላሉን፣ እንደ ተማሪዎቻቸው ጋሼ ልበላቸው። አገር ቤት ለዓመታት አናቶሚ፣ ማለትም የሰውነት ክፍሎችን ትምህርት፣ አስተምረዋል። አሁን በዙም የሚያስጠኑት ረጃጅሞቹን የአናቶሚ ቃላት ከፋፍሎ መጥራትን ነው።

ብዙዎቻችን ትምህርቱ አይከብደንም። ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) ገብተን ስለ ታካሚ ሪፖርት ስንሰጥ ግን ቃሉ አፋችን ላይ ይቀራል።

የጋሼ ዘዴ የሚጀምረው ከትርጉሙ ነው። የአንገቱን ጡንቻ ስተርኖክላይዶማስቶይድን ውሰዱ። ስተርኖ የደረት አጥንት ነው። ክላይዶ ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት፣ ማስቶይድ ደግሞ ከጆሮ ጀርባ ያለው ጉብታ። ጡንቻው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ስሙ ራሱ ነገራችሁ ማለት ነው! ከዚያ ወደ ድምፁ ይሄዳሉ፦ ስተር-ኖ-ክላይ-ዶ-ማስ-ቶይድ። ዋናው የድምፅ ጉልበት «ማስ» ላይ ነው።

እኔን በጣም የረዳኝ ግን ሌላ ነው። እኛ ፊደሉን ሁሉ እኩል መጥራት ለምደናል። እንግሊዝኛ አንዱን ክፍለ ቃል ያጎላና ሌላውን ያደበዝዛል። ለዚያ ደብዛዛ ድምፅ ጋሼ የኛኑ «ኧ» ይጠቀማሉ። አብዶመን (ሆድ) የምንለው «አብደመን» ይሆናል፣ ጉልበቱም «አብ» ላይ። በግዕዝ ፊደል ስትጽፉት ወዲያው ይታያችኋል።

ድምፅ የሌላቸውን ፊደላትም ያሳያሉ። ቴሪጎይድ (የራስ ቅል አጥንት ክፍል) ሲጻፍ ፒ አለበት፣ አይነበብም። ዚፎይድ (የደረት አጥንት ታችኛው ጫፍ) በኤክስ ይጀምራል፣ በዜድ ይነበባል።

ጠበቅ የሚያደርጉት ሰው ሊያሳስት በሚችል ቃል ላይ ነው። ፔሮኒያል የታችኛው እግር የውጭ ጎን ነው፣ ፔሪኒያል በሁለቱ ጭኖች መሀል ያለው ቦታ። በስልክ ልዩነታቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለእግሩ «ፊቡላር በሉ» ይላሉ። በ1998 የወጣው ዓለም አቀፉ የአናቶሚ ስያሜ ዝርዝርም ያስቀደመው ይህንኑ ነው።

አክሰንታችሁን አጥፉ አይሉም። ማንንም አያሸማቅቁም። ዱኦዲነምን (የትንሹን አንጀት መጀመሪያ) «ዱኦድነም» ብሎ የጠራ ተማሪ ሲታረም፣ ሁለቱም ትክክል ነው ብለው የተሟገቱለት እሳቸው ናቸው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

የሚያስጠኑት ማታ ማታ ነው፣ ከሥራ ለምንወጣ ይመቻል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።