ኢኤልኤም 327 የኮድ ማንበቢያ፦ ንባቧ ይጠቅማል፣ ማጥፊያዋ ይጎዳል

ቼክ ኢንጅን የበራበት መኪና ይዞ ከጅማ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ቦንጋ ለሚወጣ ሰው ይህች የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ የመኪናውን የብልሽት ኮድ በስልክ የምታሳይ መሣሪያ ዋጋዋን ታወጣለች። የብሉቱዟ ለአንድሮይድ ነች፤ አይፎን የያዘ የዋይፋዩን ይግዛ። ማሸጊያው ላይ 2.1 የሚል የሥሪት ቁጥር ካለ አያጓጓችሁ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ኮፒ ቢሆንም 1.5 የተባለው አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ መኪና ጋር ይግባባል።

ከመሪው ሥር ያለው ባለ 16 እግር ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ኦን ማድረግ ነው። የማጣመሪያ ቁጥሩ 1234፣ እንቢ ካለ 0000። ቶርክ ወይም ካር ስካነር የተባለው መተግበሪያ ይበቃል። መብራቷ ጭራሽ ካልበራ መጀመሪያ ፊውዝ ይታይ። ሥራው ሲያልቅ ትነቀል፤ ሶኬቱ ቁልፍ ቢጠፋም ኃይል ስላለው ባትሪ ትጠጣለች።

ማፕ ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው) ባለው መኪና ላይ ሞተር ሳይነሣ ግፊቱን እዩት። ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወደ 82 ኪሎፓስካል ማለት አለበት። 101 ካለ ያ የጅቡቲ ወደብ ንባብ ነው፤ ሴንሰሩ ይጠርጠር።

ችግሩ ያለው ማጥፊያው ላይ ነው። ኮዱ ሲጠፋ ብልሽቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረው ዙር፣ ሙቀትና ፍጥነትም አብሮ ይጠፋል፤ መካኒኩ የሚነሣበት ፍንጭ ደግሞ እሱ ነው። ስክሪን ሾት ሳይነሣ አይነካ።

ማጥፋት የሚጠቅመው ለፈተና ነው። ፒ 0301 ከመጣ 1ኛው ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም። አዲስ ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ከመግዛት በፊት የ1ኛውንና የ2ኛውን ኮይል አቀያይሮ፣ ኮዱን አጥፍቶ፣ ነድቶ ደግሞ ማንበብ። ፒ 0302 ከመጣ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። 0301 ላይ ከቀረ ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩና ኮምፕሬሽኑ ይታዩ። ክረምት ላይ ደግሞ፣ በተለይ ሞተሩ በውሃ ከታጠበ በኋላ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የካንዴላው ጉድጓድ ውሃ መያዝ አለመያዙ ይታይ። የቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አትንዱት፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቃጥለዋል።

ፒ 0171፣ ማለትም ከቤንዚኑ ይልቅ አየሩ በዝቷል የሚለው ኮድ፣ ሲመጣ ብዙ ጋራዥ ኦክስጅን ሴንሰር ያስቀይራል። በከንቱ። ሴንሰሩ አየር መብዛቱን ተናገረ እንጂ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ፊውል ትሪሙን (ኮምፒውተሩ ቤንዚን የጨመረበትን ወይም የቀነሰበትን በመቶኛ) እዩ፦ ሚኒሞ ላይ 20 በመቶ ገደማ ሆኖ 2,500 ዙር ላይ ከወረደ የሆነ ቦታ አየር ይገባል፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ፈልጉ። ዙር ሲጨምር እሱም ከጨመረ የቤንዚን ፓምፑን፣ ፊልትሮውን ወይም በአቧራ የቆሸሸውን የአየር መለኪያ ሴንሰር እዩ።

ያገለገለ መኪና ስትገዙም ትጠቅማለች። ኮድ የለም ብላ፣ የሞኒተሮቹ (መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ፍተሻዎች) ዝርዝር ግን ገና አልተጠናቀቀም ካለች፣ አንድ ሰው በቅርቡ አጥፍቶታል ወይም ባትሪ ነቅሏል። ደላላውን ጠይቁት።

ኤቢኤስና ኤርባግ አብዛኛውን ጊዜ አታነብም። ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት የመጀመሪያ ቪትዞች ብዙዎቹም አይመልሱላትም። እነሱ ላይ የሶኬቱን 4ኛና 13ኛ እግር በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ኦን ማድረግና የቼክ ኢንጅኑን ብልጭታ መቁጠር ይቻላል። ሽቦው 16ኛውን ከነካ ፊውዝ ይበላል።