ፍሎሪዳ ዘመድ ላላችሁ፦ ይህን ድረ-ገጽ ያዙት

ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ማዕከል ድረ-ገጽ ማለቴ ነው። ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ታምፓ ላለችው እህቴ የምከታተለው በሱ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ነጻ ነው፣ ተመዝገቡ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ካርታውን ትታችሁ ጽሑፉን ብቻ ትከፍታላችሁ፣ እሱ አይከብድም።

በጣም የተመቸኝ ሰዓቱ ነው። ሃሪኬን ሲነሳ በየ6 ሰዓቱ አዲስ መግለጫ ይወጣል። በኛ አቆጣጠር ልክ 6 ሰዓትና 12 ሰዓት ላይ ይውላል፣ ቀንም ሌሊትም። ለባህር ዳርቻው ማስጠንቀቂያ ከወጣ ደግሞ 3 እና 9 ሰዓት ላይ ይጨመራል። ስለዚህ በየደቂቃው ስልክ መጎርጎር የለም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ታዩና ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁ።

አሁን ወደሚያናድደው። ሰው ሁሉ በቴሌግራም የሚቀባበላት ያቺ የትንበያ ካርታው ላይ ያለች ነጭ ሾጣጣ የምታሳየው የአውሎ ነፋሱ መሐል በየት ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ነው፣ ስፋቱን አይደለም። ከሾጣጣዋ ውጭ ነን ብሎ የሚተኛ ሰው አለ! በ2017 ዓ.ም. የደመራ ሰሞን የመጣችው ሄለን የተባለች ሃሪኬን መሐሏ ታምፓን አልነካም፣ ራቅ ብላ በስተሰሜን ፔሪ ከተማ አጠገብ ነው የብስ የረገጠችው፤ ታምፓ ቤይ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ዳር ግን ውሃው ቤት ለቤት ገብቷል። ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ውሃው ዳሩን እንዴት እንደሚደበድብ ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ደግሞ የሚገፋው ባህር ነው። እና የባህር ሙላት ማስጠንቀቂያውን ካርታ ክፈቱ።

ካቴጎሪ የሚሉትም ከ1 እስከ 5 ያለው የሃሪኬን ደረጃ ቁጥር ነፋስን እንጂ ውሃን አይለካም። ከሄለን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሚልተን የሚባል ሌላ ሃሪኬን መጣ። እህቴ ስልክ ላይ «ከ5 እየወረደ ነው እኮ» ስትል እማዬ ስልኩን ነጠቀችኝና «ወረደም ወጣም፣ ልቀቁ ካሏችሁ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? ልብስሽን ያዥና ውጪ!» አለቻት። ወጣች። ሚልተን ግን ወደ ደቡብ ብሎ ሲየስታ ኪ ላይ አረፈ፣ የታምፓ ቤይ ውሃ ጭራሽ ሸሸ። እስካሁን «በከንቱ አስወጣችሁኝ» እያለች ትነዘንዘናለች። ትነዝንዝ። ትንሽ ወደ ሰሜን ቢመታስ ኖሮ?

ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው፦ «ልቀቁ» የሚለውን ትእዛዝ እዚህ አታገኙትም። የሚያዘው ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ነው፣ በፊደል በተከፈለ ዞን፤ ብዙውን ጊዜ ኤ ዞን ቀድሞ ይወጣል። የሃሪኬን ወቅቱ በፈረንጅ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነውና ዘመዳችሁን ዞኗን ከአሁኑ ጠይቋት፣ የካውንቲዋንም ገጽ አስልኳት። የማዕከሉ ድረ-ገጽ አማርኛ የለውም፣ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ብቻ ነው። ለእማዬ የማነብላት እኔ ነኝ፣ እሷም ገና ሳልጀምር «ባጭሩ በል» ትለኛለች።