ከዋሽንግተን ደብረ ሲና፦ ሰዓቱን በኪሎ ሜትር አትገምቱ

ቤተሰብ ጥየቃ ወደ ሰሜን ሸዋ ለምታስቡ ሁሉ፣ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እንዳየኋቸው ልንገራችሁ። ከዋሽንግተን ደለስ እስከ ቦሌ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥታው በረራ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ደብረ ሲና ደግሞ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉልበቴን የጨረሰው ይሄኛው ነው።

በረራው በጣም ጥሩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡትን አንዲት አዛውንት አስተናጋጆቹ «እማማ» እያሉ፣ ክንዳቸውን ይዘው መጸዳጃ ቤት ያመላልሷቸው ነበር። ለእኔ ይሄ ከምግቡም ከፊልሙም ይበልጣል።

ሲመለሱ ግን ሰዓቱ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውና ጭነቱን ይዞ፣ ነዳጁንም ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ሕፃን ከያዛችሁ ትኬት ስትቆርጡ የት እንደሚያርፍና ስንት ሰዓት እንደሚቆም ጠይቁ።

ደብረ ብርሃን ድረስ በሚኒባስ ሄድኩ። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ አውጥቶ በገመድ ጠፍሮ አሰረልኝ። የሻንጣውን ሒሳብ ግን የነገረኝ መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው። ትርፍ ሰውም ጫኑ። ይሄ ሊታረም ይገባል፤ ሾፌሩ ተረጋግቶ መንዳቱን ግን አመሰግናለሁ። ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ መግዛት አትርሱ።

ደብረ ብርሃን አደርኩ። እናንተም፣ በተለይ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ፣ እደሩ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። የሆቴሉ ፍል ውኃ በተባለው ሰዓት መጣ። ማታ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በሬን አንኳኳች፤ ሳልጠይቃት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይዛ መጥታለች። «ሌሊት ይበርድዎታል፣ እትዬ» አለችኝ። በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀ ከተማ ነውና ወፍራምና ጥሩ ብርድ ልብስ ነው።

በማግስቱ ኮንትራት መኪና ያዝኩ። ደብረ ሲና ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማበር ላይ ግን ጉም ወረደብን። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ አፉ እንኳን አይታይም። ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ጥሩምባ እየነፋ፣ ከጭነት መኪኖች ኋላ በእርምጃ ሄደ። ልቅደም አላለም። ዋሻውን ከወጣን በኋላ ቁልቁለቱን በትንሽ ማርሽ ወረደው። ከተስማማነው በላይ ጨመርኩለት፤ ይገባዋል።

መንገዱ ክፍት መሆኑን ማለዳ ሳትነሱ ዘመድ ጠይቁ። ሲመሽ አትጓዙ። መመለሻ በረራችሁ ማታ ቢሆንም ከደብረ ሲና በዕለቱ አትነሱ፤ ዋዜማውን አዲስ አበባ እደሩ።