ኤም ቲ አር፦ ቤንጋሉሩን በእግሩ ለሚያይ ሰው የሚገባ ቁርስ

የደቡብ ሕንዷን ከተማ ቤንጋሉሩን (ባንጋሎርን) በእግሩ ሊያይ የተነሣ ሰው ቁርሱን ላልባግ መንገድ ላይ ባለው ማቫሊ ቲፊን ሩምስ ይብላ። የከተማው ሰው በአጭሩ ኤም ቲ አር ይለዋል። በ1924 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ሥጋ የማይገባበት ቤት ነው። እኔና ባለቤቴ በደቡብ ሕንድ ከቀመስናቸው ቁርሶች ሁሉ የሚበልጠው የዚህ ቤት ነው።

በእግር የመጣ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያጣጥመዋል። እኛ ጎሕ ሳይቀድ ኬ አር ማርኬት በሚባለው የከተማው ገበያ ነበርን። ቢጫና ብርቱካንማ አበባ በጆንያ ተቆልሏል፤ በክር የተሰካው ጃስሚን በክንድ እየተለካ ይሸጣል። ከዚያ ወደ ደቡብ ስንወርድ የእግረኛው መንገድ እዚህም እዚያም ተሰባብሯል፣ ሞተር ብስክሌቱም እላዩ ላይ ይወጣል። ኤም ቲ አር በር ላይ ስንደርስ ርሃቡ እውነተኛ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሰልፍ አለ። ተራችሁ ሲደርስ ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ትጋራላችሁ፤ ይህን የማይወድ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልግ። እኛ ወደነዋል።

ያዘዝነው ማሳላ ዶሳ ነው። ዶሳ ከሩዝና ኡራድ ከሚባል ጥራጥሬ የሚዘጋጅ ቂጣ ነው። ሁለቱ ተዘፍዝፈውና ተፈጭተው ሌሊቱን ሲቦኩ ያድራሉ። እርሾ አይጨመርበትም፣ አብሲትም አይጣልለትም፤ በራሱ ኩፍ ይላል። እንጀራ እየበላ ያደገ ሰው ያን ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ያውቀዋል። የዚህ ቤት ዶሳ በየቦታው እንደሚቀርበው ስስና ረጅም አይደለም። ወፈር ብሎ ውጭው ቀይ ዳማ እስኪሆን ይበስላል፤ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። መሃሉ ላይ በሽንኩርትና በእርድ የተሠራ ድንች አለ። ከጎኑ ቻትኒ የሚባል አረንጓዴ ማጥቀሻ፣ ሳምባር የሚባል የምስርና የአትክልት ወጥ፣ እንዲሁም በትንሽ ዕቃ የቀለጠ ንጥር ቅቤ ይመጣል። ቅቤው እንደኛ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት አይደለም፤ ወተት ወተት የሚል ንጹህ ሽታ አለው። ዶሳው ላይ ሲፈስ ኮምጣጣነቱን ያለዝበዋል። ሚዛኑ ደስ ይላል።

ባለቤቴ ቅቤ ያገኘውን ጠርዝ ጠቅልላ ስታጎርሰኝ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት አረጋዊ ባልና ሚስት ፈገግ አሉ። አዛውንቱም ኢድሊ ከሚባለው ምግባቸው ቆርሰው ባለቤታቸውን አጎረሱ። በእጅ የሚበላ ሕዝብ መካከል እንግድነት አይሰማም።

ራቫ ኢድሊውንም ቅመሱ። ኢድሊ በእንፋሎት የሚበስል የሩዝ ምግብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሩዝ ሲጠፋ ግን የዚህ ቤት ሰዎች በሩዝ ፈንታ ሰሞሊና የሚባለውን ሸካራ የስንዴ ዱቄት ሞከሩና ራቫ ኢድሊን አስገኙ። በ1975 እ.ኤ.አ. በሕንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም ምግብ በርካሽ እንዲሸጥ ታዘዘ። ቤቱ በዚያ ዋጋ ጥራቱን ጠብቆ መቀጠል ስለከበደው ወደ ታሸገ ምግብ ንግድ ገባ። ከጥራቱ አልወርድም ያለ ቤት መሆኑን ሳውቅ ለዶሳው ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

በሕንድ የምትማሩ ጾመኛ ወገኖቼ፣ ሥጋ የሌለበት ምግብ ሁሉ የጾም ምግብ አይደለም። ራቫ ኢድሊ እርጎ አለበት። ዶሳ ስታዝዙ ምጣዱ ላይም ሆነ ከጎኑ ቅቤ እንዳይኖር አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ስለ ቻትኒውና ሳምባሩም ጠይቁ።

ቡናውን ከእኛ ጀበና ጋር ማወዳደር አያስፈልግም። ተጠልሎ፣ በትኩስ ወተት ተቀላቅሎ፣ አረፋ አውጥቶ ይመጣል። በደቡብ ሕንድ ብዙ ጊዜ ቺኮሪ የሚባል የተቆላ ሥር ይደባለቅበታል፤ ከዶሳ በኋላ ግን ቦታውን ያገኛል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባባ ቡዳን የተባሉ ሱፊ (የእስልምና መናኝ) ሰባት የቡና ፍሬ ከየመን ደብቀው አምጥተው ቤንጋሉሩ ባለችበት በካርናታካ ግዛት ተራሮች ተከሉ። ቡና ከእኛ አገር ጫካ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ገበታ ላይ ሲጠብቀን ባለቤቴ በጣም ደስ አላት።

ከቁርስ በኋላ ላልባግ ቅርብ ነው። የማይሶር ገዥ የነበሩት ሃይደር አሊ በ1760 እ.ኤ.አ. ያስጀመሩት የአትክልት ስፍራ ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ጥቁር አለት ዕድሜው 3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል። አለቱ ላይ ወጥተን ከተማውን አየን፤ ከዚያ በባሳቫናጉዲ ሰፈር በኩል በሂንዱዎች ዘንድ ቅዱስ እስከሆነው የናንዲ በሬ ታላቅ ሐውልት ድረስ ሄድን። ከሰዓት በኋላ ደክሞን መንገድ ዳር ካገኘነው ሌላ ቤት ገብተን ዶሳ ስናዝዝ ሳምባሩ ቀዝቅዞ፣ ድንቹ ደርቆ መጣ። የጠዋቱን የቀመሰ ሰው ልዩነቱን ይቅር ለማለት ይቸግረዋል።

ስለዚህ ኤም ቲ አርን ከላልባግ በፊት አስቀድሙት። ረፋዱ ላይ ቁርሱ አብቅቶ ማዕድ ቤቱ ወደ ምሳ ዝግጅት ይገባል፤ ሰኞ ደግሞ ዝግ ነው።